ውርጭ ከመታው መደብ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን አዳዲስ ችግኞችን ለመትከል አቅዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኅዳር በባተ ሰሞን በአንድ ሌሊት የወረደው ውርጭ ከዋናው በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ የተዘረጋውን የአበባ መደብ ስላቃጠለው፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራነው የተጎዳውን የማዳን ሥራ ሆነ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውርጭ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰማዩ በጠራበትና ነፋሱ ጋብ ባለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ታጣለች፤ በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ውኃም ወደ በረዶ ተለውጦ ሕዋሳቱን ይጎዳል። በማግሥቱ ጠዋት ስንገባ የጽጌረዳው ጫፎች ጠቁረው፣ ዳሊያውና ካናው ደግሞ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሰው አገኘናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መመዝገብ ይኖርብኛል። ኅዳር 12 ቀን፣ «ኅዳር ሲታጠን» ግቢው ተጠርጎ የደረቀው ሁሉ በሚቃጠልበት ዕለት፣ የደረቁት የጽጌረዳ ቅርንጫፎች መደቡን አቆሽሸውታልና ይቆረጡ ብዬ አዘዝኩ። ተማሪዎቹ አንዱን ረድፍ ጨርሰው ሁለተኛውን ሳይጀምሩ ስለመሸ ሥራው በዚያው ቆመ፤ እኛም ሳናስበው ሁለቱን ረድፎች ለማነጻጸር የሚያስችል ሙከራ አገኘን። የተቆረጠው ረድፍ ወዲያው አጎንቁሎ ቀያይ ለጋ ቅጠሎች ስላወጣ ሁላችንም ደስ አለን። በታኅሣሥ የወረደው ሁለተኛው ውርጭ ግን ያንን ሁሉ ለጋ አቃጠለው። ያልተቆረጠው ረድፍ በበኩሉ አስቀያሚ እንደ ሆነ ቆየ፤ ነገር ግን ደረቁ ቅርንጫፍና ቅጠል ከሥሩ ያሉትን፣ አዲስ ቡቃያ የሚወጣባቸውን ዓይኖች እንደ ጋቢ ስለሸፈናቸው፣ ደግሞም ተክሉ ያለ ጊዜው እንዲያጎነቁል የሚቀሰቅሰው መቀስ ስላልነካው፣ ጉዳቱ ከላይኛው ጫፍ አላለፈም።

ስለዚህ እስከ የካቲት መጨረሻ ጠበቅን። ለተማሪ ከመትከል ይልቅ መጠበቅ ይከብዳል፤ በየሳምንቱ ስብሰባ «መቼ ነው የምንቆርጠው?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለም። የውርጩ ሰሞን ሲያልፍ እያንዳንዱን ግንድ ከጫፉ ጀምረን ወደ ታች በጥፍራችን ልጣጩን ስስ አድርገን ፋቅነው። ከልጣጩ ሥር ቡናማና ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ያ ክፍል ሞቷል፤ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ሕይወት አለው። አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ሁላችንም ተስፋ የቆረጥንበትን ጽጌረዳ ተንበርክካ ስትፍቅ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያለው ግንድ አረንጓዴ ሆኖ ስላገኘችው «አለ! አለ!» ብላ ስትጮኽ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ምን ተፈጠረ ብለው ወጥተው ነበር። ቆረጣው ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይከናወናል፤ መቀሱም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ እንዳያሻግር በአልኮል ይጠረጋል።

ዳሊያውና ካናው ብዙም አላስቸገሩንም። የሁለቱም ጉልበት የተከማቸው ከመሬት በታች ስለሆነ፣ የጠቆረውን አገዳ አንድ ጭብጥ ያህል አስቀርተን ቆርጠን በገብስ ጭድ ጎዘጎዝናቸው። ጉዝጓዙን ሁለት ጊዜ የአጥር ቀዳዳ ያገኙ የሰፈር በጎች በሉት፤ ሦስተኛውን ከእሾኽ ጋር ቀላቅለን አነጠፍን። ከጄራኒየሙ ደግሞ ውርጩ ካልነካቸው ቅርንጫፎች ጣት የሚያህሉ ቁራጮች ወስደን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ የተቆረጠው አፍ እንዲደርቅ አንድ ቀን በጥላ ካሳደርናቸው በኋላ አሸዋ በሞላባቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች ተከልናቸው፤ አብዛኞቹም ሥር ሰድደዋል።

አንድ አባል ከቤቱ ዩሪያ በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶ ነበር። ቅን ሐሳብ ቢሆንም ተክሉ ራሱ ማጎንቆል ሳይጀምር መቀበል አልፈለግንም፤ ናይትሮጅን የሚያበዛ ማዳበሪያ የተጎዳን ተክል በግድ ያስለመልመዋል፣ ለጋውም ቀጥሎ ለሚመጣው ቅዝቃዜ ይጋለጣል። በመጋቢት ቡቃያው ሲታይ የሰጠነው ከመምህራን ክበብ የምንሰበስበው የቡና አተላ የገባበትን ብስባሽ ነው።

በሚያዝያ ከሁሉም ቀድሞ የተመዘዘው አንድ ጽጌረዳ የክበቡ ኩራት ሆኖ ሰነበተ፤ ከገጠር የሚመላለስ አንድ ተማሪ ግን ጠጋ ብሎ አይቶ «መምህር፣ ይሄ እኮ ቀጋ ነው የሚመስለው» አለኝ። አፈሩን ገለጥ ስናደርግ ቡቃያው የወጣው ጽጌረዳው በሌላ ተክል ሥር ላይ ከተዳቀለበት እብጠት በታች፣ ከዚያው ከሥር ሰጪው ተክል ነበር። ከእብጠቱ በላይ ያለው ሁሉ ሞቷል። እንዲህ ያለው ቡቃያ በሌላ ሕያው ጽጌረዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጉልበቱን እንዳይሻማው ከመነሻው ገንጥለን ባስወገድነው ነበር፤ ይኼኛው ግን የሚሻማው ስላልነበረው ተነቅሎ ወደ አጥሩ እንዲዛወር በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ እኔ ይጣል ብዬ ተሸንፌአለሁ።

ሰኔ ላይ መደቡ ሲቆጠር ሦስት ጽጌረዳዎች ሙሉ በሙሉ ሞተው ተነቅለዋል፤ ሦስቱም ኅዳር 12 ከተቆረጠው ረድፍ ነበሩ። በክበቡ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ መቀሱ በሣጥን ተቆልፎ እስከ መጪው የካቲት እንዲቀመጥና ቁልፉም በእኔ ሳይሆን በክበቡ ጸሐፊ እጅ እንዲቆይ ተወስኖ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።