የሳይንስ ክበብ፦ ኑጉ ለምን ቀላ?

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዘይት። ሌሎቹ ድራማና ግጥም ሲያሳዩ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሰሊጥ ስንጨምቅ ከረምን።

መጭመቂያውን ልጆቹ ከመኪና ክሪክና ከብረት ቧንቧ ሠሩት። እህሉ አልተቆላም፣ አልሞቀም። ክሪኩ በቀስታ ስለሚገፋ ቴርሞሜትሩም ከክፍሉ ሙቀት ብዙም አላለፈ። በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ኪሎ ሰሊጥ የወጣው አንድ የቡና ስኒ እንኳ አልሞላም። «ቲቸር፣ ገዝተን ብንመጣስ?» ያሉኝም ነበሩ።

በሰሊጥ የጀመርነው ውስጡ ያለውን በዓይን ማየት ስለሚቻል ነው። ሴሳሞሊን የሚባል ውህድ አለው። አሲድ ሲያገኘው ሴሳሞል ይወጣዋል፤ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ትንሽ ስኳር ይጨመራል፣ ከዘይቱ ጋር ይናጣል፣ ይተዋል። ከሥር የሚዘቅጠው አሲድ ሮዝ ይሆናል። የቦዱዋን ምርመራ ይሉታል። አሲዱን የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ። ወላጆች እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ሰሊጡ ቀላ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ ኑግ ሆነ። ሴሳሞሊን ስለሌለው እሱ መቅላት የለበትም። ቀላ! ነጋዴው ደባልቆብን ነው እንዳንል አበጥረን የጨመቅነው እኛው ነን። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። አሲዱ ተጠረጠረ፣ ስኳሩ ተጠረጠረ፣ አንዱማ መጽሐፉን ጠረጠረ። በመጨረሻ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ማጥለያውን ጨርቅ አሸተተችና «ይሄ እኮ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል» አለች። ለካ ሰሊጡን ያጠለልንበት ያው ጨርቅ ነው! እኔም አላሰብኩትም ነበር። በአዲስ ጨርቅ ደገምነው። ኑጉ ጭራሽ ቀለም አልሰጠም።

ተልባም ሞክረናል። ከሰሊጥ ጋር በክፍት ብርጭቆ መስኮት ላይ ብንተወው ቀድሞ ቀለም ቀለም መሽተት የጀመረው እሱ ነው። ከዘይቱ ግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 የሚባል የቅባት ዓይነት ነው፤ ኦሜጋ 3 ደግሞ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል።

ምን ያህል ሴሳሞሊን እንዳለ ግን መለካት አልቻልንም። ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለ መሣሪያ ይፈልጋል። የእኛው ምርመራ አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚለው።

ፋጉሎውን የግቢው ጥበቃ ለበጎቻቸው ወሰዱት። ለከርሞ ተራው የጥቁር አዝሙድ ነው። ጨርቆቹ ታጥበው ቁም ሳጥን ገብተዋል፤ የሰሊጡ ላይ በማርከር «የሰሊጥ ብቻ!» ተብሎ ተጽፎበታል።