ጋሽዬ፣ ኮርኒሱን ሳትነካ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ውጣ

አሰላሙ አለይኩም ጋሽዬ፣ እማዬ፣ ሚጣ፣ እንዴት ናችሁልኝ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው እንጂ ሌላው አማን ነው። እዚህ ስዊድን፣ ዮተቦሪ ከተማ፣ በዚህ ወር አስር ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ግን የደሴ ልጅ ብርድ አይፈራም፣ ከውስጥ ደራርቤ እሰራለሁ። ድምፅ ልልክላችሁ ነበር፣ የማወራው ብዙ ስለሆነ ተቆራርጦ ከሚደርሳችሁ ብዬ ጻፍኩት፣ ጋሽዬ ማታ ቡና ሲፈላ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

እማዬ መጀመሪያ አንቺን ላሳርፍሽ። ሚጣ "ጀልባ ውስጥ ነው የምትሰራው" ስትልሽ ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ ስታደርጊ እንዳደርሽ ሰማሁ። አብሽሪ፣ ጀልባው ውሃ ላይ አይደለም። እዚህ ሀገር ብርዱ ሲመጣ ጥቅምት አካባቢ ጀልባውን ሁሉ በክሬን ያወጡና ግቢ ውስጥ በብረት ድጋፍ ያቆሙታል፣ ላዩን በሸራ ይሸፍኑታል፣ ተመልሶ ውሃ የሚነካው ሚያዝያ ግንቦት ላይ ነው። እኔ በመሰላል እወጣለሁ፣ ውስጥ ገብቼ እሰራለሁ፣ በመሰላል እወርዳለሁ። ዱዓሽን ግን አታቋርጪ።

ጋሽዬ አንተ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ጀልባ ምን ይጠገናል፣ ለምን አዲስ አይገዙም ብለኸኝ ነበር። ጀልባው አልቢን ቬጋ የሚባል ነው፣ ባለ ሸራ፣ ፔር ብሮሄል የሚባል ስዊድናዊ ነው የነደፈው፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1979 ድረስ ከ3,400 በላይ ተሰርቷል። ርዝመቱ 8.25 ሜትር፣ ወርዱ በሰፊው ቦታ 2.46 ሜትር ነው፣ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ አልጋውም ምድጃውም ሽንት ቤቱም ጠረጴዛውም ገብቷል። አካሉ ፋይበር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ወፈር አድርገው ይሰሩት ነበር ይላሉ፣ እና ውጪው ዛሬም ጤነኛ ነው። ማት ራዘርፎርድ የሚባል አሜሪካዊ በዚሁ ዓይነት ጀልባ፣ በነሱው አቆጣጠር በ2011 ተነስቶ ብቻውን ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን ዙሪያውን ዞሮ፣ 309 ቀን የትም ሳያርፍ በ2012 ተመልሷል። እንዲህ ያለ አካል አይጣልም። የሚያልቀው ውስጡ ነው፣ እንጨቱ፣ ኮርኒሱ፣ ስፖንጁ፣ የመብራት ገመዱ፣ እሱ ደግሞ እጅ ላለው ሰው ሥራ ነው። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፣ እኔ በምሰራበት ሶፋ ቤት ለፍራሾቹ ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ስፌቴን አዩና ቅዳሜና እሁድ ውስጡን በሙሉ አብረሽን ስሪ አሉኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁበት። አክስቴ ሸዋ በር ቤቷ ውስጥ ያስተማረችኝ ስፌት እዚህ ድረስ አደረሰኝ በይልኝ እማዬ።

አሁን የላክህልኝ ፎቶ ላይ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው። የሳሎኑ አቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ያለው ቡናማ ክብ እየሰፋ መጣ፣ በላክሽው ብር አውርደን ችፑድ እንምታበት ወይስ ፒቪሲ ብለሃል። ጋሽዬ አንዱንም አትምታ። ቆይ፣ ጀልባው ላይ ምን እንዳየሁ ልንገርህና ከዚያ አንተው ትፈርዳለህ።

እዚህ ጀልባ ላይ ከኛ በፊት የነበረ ሰው ውስጡን አንዴ አሳምሮት ነበር። ኮርኒሱ ላይ አዲስ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ በማስቲሽ ለጥፎ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ሲያዩት ያምራል። እሱን ስንገልጠው ከስሩ ያለው የድሮ ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ እንደ ጤፍ ዱቄት ሆኗል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ያለ ማስክ መተንፈስ አይቻልም። ከዚያ ከአልጋው ጎን ያለው ቋሚ ፕላይውድ ከላይ ደህና መስሎ ጫፉን በካቻቢቴ ስነካው ሰተት ብሎ ገባ፣ በስብሷል። ውሃው ሲገባ የኖረው ከላይ ነው፣ እሱ ግን የሸፈነው ከታች ነው። ሽፋኑ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያዘውና ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት አበሰበሰው።

እኛ ስንጀምር ምንም አዲስ ነገር አልገዛንም። መጀመሪያ ሁሉንም ፈታን፣ እያንዳንዱ እንጨት ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ቁጥር ጻፍን፣ ፎቶ አነሳን፣ ብሎኑን በየላስቲኩ አደረግን። ውስጡ ባዶ ሲሆን ሰውየው ላይ ወጥቶ በጎማ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ፣ እኔ ከውስጥ ባትሪ ይዤ። እዚህ ጋ አንድ ዘዴ አለ፣ ውሃውን ከላይ ዝም ብለህ ካፈሰስከው ሁሉም ቦታ በአንዴ ይረጥብና ከየት እንደገባ አታውቅም። ከታችኛው ጫፍ ትጀምራለህ፣ አንድ ቦታ ላይ ታቆየዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ካልገባ ትንሽ ከፍ ትላለህ። ከዚያ ያየሁት ነገር አስገረመኝ፣ አልጋው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ከአልጋው በላይ አይደለም የሚገባው፣ ክንድ ተኩል ያህል ወደፊት ካለ የመደገፊያ ብረት ብሎን ገብቶ በፋይበሩ ሆድ ሆድ ተንሸራቶ ሄዶ ሄዶ ነው እዚያ የሚወድቀው። ጠብታው አንድ በአንድ ሲመጣ በባትሪው እየተከተልኩት ነው ያገኘሁት፣ ብሎኑ ዙሪያ ቀጭን የዝገት ቀለበት ነበረች፣ በቃ ቤቱን ሁሉ ያበሰበሰችው እሷ ናት።

እሱንም የደፈንነው በላዩ ሲሊኮን ቀብተን አይደለም። የበፊቱ ሰው ሲሊኮን ነበር የደፈደፈበት፣ ሲሊኮን ደግሞ አንዴ ከነካ በኋላ ሌላ ነገር እሺ ብሎ አይያዝበትም፣ ፍቀን ፍቀን ነው ያስለቀቅነው። ብሎኑን አወጣን፣ ቀዳዳውን አሰፋነው፣ አደረቅነው፣ ኢፖክሲ የሚባል ተበጥብጦ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ማጣበቂያ ሞልተን ሲጠነክር መሀሉን እንደገና በትራፓኖ በሳነው፣ ስለዚህ ውሃ ቢያልፍ እንኳ የሚነካው ኢፖክሲውን እንጂ የጣሪያውን ሆድ አይደለም። ከዚያ ብሎኑ አንገት ላይ ቡቲል የሚባል እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የማይደርቅ ፕላስተር ጠቅልለን ቀስ ብለን አጠበቅነው፣ በማግስቱ ትንሽ፣ ከዚያም ትንሽ። ኢፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም፣ ስለዚህ ማሞቂያ አስገብተን ነው የምንሰራው።

ጋሽዬ የኛም ቤት ይኸው ነው። ቡናማው ክብ ያለበት ቦታ ውሃው የሚገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል፣ ቆርቆሮው ስር ባለው ሞራሌ ላይ ተንሸራቶ መጥቶ ነው እዚያ የሚጠራቀመው። አቡጀዲውን በዚያ ጥግ ብቻ ፍታና በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላትህን አስገብተህ እይ፣ ሚስማሩ ዙሪያ ብርሃን የሚያሳይህ ቦታ ካለ እሱ ነው። ካላየህ ደግሞ ሰኔ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ በጀሪካን ውሃ ይዘህ ውጣና ከታች ወደ ላይ አፍስስ፣ ሚጣ ከውስጥ ትይ። የቆርቆሮው ሚስማር ጎሚኒው ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ቆርቆሮውም ቀን በፀሐይ ይረዝማል ማታ በጦሳ ብርድ ይሰበሰባል፣ ሚስማሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ይላላል። ምናልባት የድሮው ሰውዬ ሚስማሩን ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ከጎድጓዳው ላይ መትቶት ይሆናል፣ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ እሱን መጀመሪያ እይ። ላዩን ሬንጅ መቀባት አይበቃም፣ ሬንጁ ሲሰነጠቅ ውሃውን ከስሩ ይይዘውና ቆርቆሮውን ዝገት ይበላዋል። ሚስማሩን ንቀልና ጎሚኒ ባለው ወፈር ባለ ብሎን ቀይረው።

ሌላም አለ። ውሃ ሁሉ ከላይ የገባ አይደለም። ጀልባው ውስጥ ጠዋት ስገባ ብሎኑ ሁሉ ተደፍኖም ፋይበሩ ላይ ጠብታ ነበር፣ እሱ የትንፋሻችንና የማሞቂያው እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የሚሆነው ነው። ቆርቆሮም እንደዚያው ያልበዋል፣ በተለይ እማዬ ከሰል አቀጣጥላ ውሃ ስታፈላ ካደረች። የሚለየው እንዲህ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ብቻ ከረጠበ ቀዳዳ ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ብርድ ባደረ ጠዋት ሁሉ ከረጠበ ላብ ነው። ለላብ መድኃኒቱ አየር ነው፣ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም በኩል አየር የሚወጣበት ይኑር። እማዬ የከሰሉን ነገር ካነሳሁ፣ በርና መስኮት ዘግተሽ አትተኚበት፣ እዚህ ማሞቂያ ባለበት ጀልባ የከሰሉን ዓይነት መርዝ የሚያስጠነቅቅ ደወል ማስገባት ይመከራል፣ መርዙ ሽታ የለውምና።

ኮርኒሱን የምትመታው ይሄ ሁሉ ካለቀና አንድ ጥሩ ዝናብ ከፈተነው በኋላ ነው፣ በልጉ ይበቃል። ችፑድ ግን አይሁን፣ እርጥበት ሲነካው ያብጥና አይመለስም። እዚህ የሰራነውን ብትሰራው እወዳለሁ፣ በስስ ፕላይውድ በልኩ ተቆርጦ ጨርቅ ለብሶ በብሎን የሚታሰር፣ ማለትም ማስቲሽ የሌለው፣ የሆነ ቀን ማየት ስትፈልግ አንዱን ክፍል ብቻ ፈትተህ የምታይ። የፕላይውዱን ጫፍ በደንብ ቀባው፣ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው፣ ጠፍጣፋው ላይ ሁለት ጊዜ ብትቀባ ጫፉ ላይ ሦስቴ አድርገው።

የእንጨቱን ነገር ለአንተ መንገር ድፍረት ነው፣ አንተ ሰኞ ገበያ ስትሰራ እኔ ፍቅፋቂ ስጠርግ ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ብቻ፣ እዚህ ማሆጋኒው ስስ ልባስ ነው፣ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ በማሽን አይነካም፣ በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ወደ እንጨቱ መስመር ብቻ ነው የምፈገፍገው። በብረት ብሎኖቹ ዙሪያ የጠቆረውን ኦክሳሊክ አሲድ በሚባል ዱቄት በውሃ በጥብጠን ስንቀባው ጥቁሩ እየለቀቀ መጣ፣ ጓንትና ማስክ ግድ ነው፣ በኋላም በደንብ ይታጠባል። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ እንጨቱ እንዲጠጣው በቲነር አቅጥነን ቀባን፣ ከዚያ ወፈር ያለውን፣ በየመሀሉ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያሸን። ሲያልቅ ቀለሙ የአባዬን የዋንዛ ቁም ሳጥን አስታወሰኝና እጄን ከሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እሱን ሳጥን ለማንም እንዳትሸጠው።

አሁን የኔ ሥራ ፍራሾቹ ላይ ነው፣ እዚህ ደግሞ ደስ የሚል ጣጣ አለ። የፊተኛው አልጋ ራስጌው ሰፊ ግርጌው ጠባብ ነው፣ የጀልባው ግድግዳም ወደ ውጪ ስለሚከፈት የፍራሹ ላይኛው ፊት ከታችኛው ይሰፋል፣ በሜትር ለክተህ አይሆንም፣ ላስቲክ ዘርግቼ በእስክሪፕቶ ጠርዙን ተከትዬ ነው የወሰድኩት። ስፖንጁን ከልብሱ አንድ ሴንቲ ያህል አስበልጬ እቆርጠዋለሁ፣ ያኔ ልብሱ ተወጥሮ አይሸበሸብም። ክሩ ፖሊስተር ነው፣ ጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ዚፑም ባለ ፕላስቲክ ጥርስ፣ ብረት ይዝጋል። ከታች በኩል መረብ ያለው ጨርቅ ሰፋሁለት፣ የአልጋው ጣውላም ተበሳስቷል፣ ፍራሹ ከስሩ እንዲተነፍስ።

እማዬ የመደቡን ፍራሽ በዚሁ ዓይነት ልሰፋልሽ ነው። ጋሽዬ ልኩን ላክልኝ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱን በሁለቱም ጫፍ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስላልሆነ በመሀሉም ለካው። ልብሱን ከዚህ ሰፍቼ ለዒድ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፣ ስፖንጁን ግን እዚያው ወይ ኮምቦልቻ ወርደህ ግዛ፣ ሻጩ ጠንካራ ነው ቢልህ አትመነው፣ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ አስር ሴንቲ የሆነው ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ መምዘን አለበት፣ ሁለት ኪሎ ከሆነ በዓመቱ ይጎደጉዳል።

ጣሪያው ላይ ስትወጣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን፣ ሞራሌው ያለበትን የሚስማሩን መስመር እየረገጥክ ሂድ፣ ሚጣ መሰላሉን ትያዝ። ቀዳዳውን ስታገኘው ፎቶውን ከውስጥም ከውጪም አንሳና ላክልኝ፣ ብሩ ካልበቃም ንገረኝ፣ ለብሎኑና ለጎሚኒው የሚሆን በዚህ ወር መጨረሻ እጨምራለሁ። ለአክስቴና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

እህትህ