ሲንደሬላ በአይጠየፍ አዳራሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሲንደሬላን ተረት ወደ ደሴ አምጥተው ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ለሚጽፉ ሁሉ። ግብሩን (የተረቱን የቤተ መንግሥት ድግስ) የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ ባሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ማድረግ ያምራል፤ ጊዜው ግን ጠባብ ነው። ራስ ሚካኤል የነገሡት በ1906 ዓ.ም. ግንቦት ሲሆን በ1909 ጥቅምት በሰገሌ ጦርነት ተማረኩ። በ1910 ንጉሡን ግብር የሚያስበላ ደራሲ ታሪኩ እዚያው ይፈርስበታል።

የመስተዋት ጫማውን ተዉት፤ ያኔ አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። የብር አልቦ (የእግር አምባር) ይሻላል። ችግሩ፣ ስትሮጥ የሚወልቅ ሰፊ አልቦ ለብዙ እግር ይገባል። ስለዚህ ልጅቱን የሚያስለያት ልኩ ሳይሆን እሷ ጋ የቀረው ሁለተኛው አልቦ ይሁን፤ ጥንዱን ከጠገራ ብር ያቀለጠው አንጥረኛም የእጁን ሥራ አይስተውም። መልእክተኛው ፍለጋውን ሰኞ ባቲ ገበያ ይጀምር። የእኩለ ሌሊቱን ደወል ደግሞ (ገጠር ውስጥ ሰዓት ከየት ይመጣል?) በዶሮ ጩኸት ተኩት።