ለመጀመሪያ ጊዜ በዳኑብ ወንዝ ለምትጓዙ አባላት

የተከበራችሁ የጉዞ ማኅበራችን አባላት፣

በአውሮፓ የወንዝ መርከብ ለመጓዝ ያሰባችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር በዳኑብ ላይ ካሳለፍነው የሰባት ሌሊት ጉዞ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

መነሻችሁን የጀርመኗን ፓሳው፣ መድረሻችሁን ቡዳፔስት ብታደርጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከፓሳው በላይ፣ ወደ ወንዙ መነሻ በኩል፣ በሽትራውቢንግና በፊልስሆፈን መካከል ያለው ወንዝ በግድብ ያልተያዘ በመሆኑ፣ በድርቅ ጊዜ ውኃው ሲጎድል መርከቦች ማለፍ ተስኗቸው መንገደኛው በአውቶቡስ ሊጓጓዝ ይችላል። በረንዳ ላለው ክፍል ተጨማሪ ከመክፈላችሁ በፊት፣ መርከቦች ወደብ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ፣ መጋረጃ ስትገልጡ የጎረቤት መርከብ መስኮት ሊገጥማችሁ እንደሚችል እወቁ።

ኦስትሪያ ውስጥ ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለውን፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የቫካው ሸለቆ ግን ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ እንዳታሳልፉት አደራ እላለሁ። እኛ ማለዳ ብርድ ልብስ ተከናንበን ላይኛው ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ቢጫው የሜልክ ገዳም ከዐለቱ አናት ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ቡናችን በእጃችን ቀዘቀዘ፤ ወይን የተተከለባቸው የድንጋይ እርከኖችም ኮንሶን አስታወሱኝ።

ጿሚ የሆናችሁ ቦታ ስትይዙ በጽሑፍ አስታውቁ፤ «ቬጋን» (ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ) ማለት በቂ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዛችሁ፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሀንጋሪ ሁሉም በሸንገን ቪዛ ይሸፈናሉ፤ ማመልከት ያለባችሁም ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ አስተባባሪያችሁ