ውሃው የለሰለሰው ሹተሩ ስለቆየ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ውሃቸው እንደ ነጠላ የተዘረጋ የፏፏቴ ፎቶግራፎች «በኮምፒውተር የተቀባቡ ናቸው» ሲሉ አንድ አንባቢ ባለፈው እትማችሁ የጻፉትን አየሁ፤ ደሴ ተቀምጬ ከጦሳ ተራራ የሚወርዱትን ጅረቶች ለዓመታት ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰከንድ ተከፍቶ ሲቆይ፣ የሚወርደው ውሃ ያለፈበት መንገድ ሁሉ በምስሉ ላይ ስለሚሰመር፣ የማይነቃነቀው ዐለት ጥርት ብሎ ይቀርና ውሃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናል። ካሜራው በትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ካልቆመ ግን ዐለቱም አብሮ ይደበዝዛል።

አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ የሚለካበት ቁጥር) 100 ላይ ሆኖ በደመናማ ቀን በ1/60 ሰከንድ የሚነሳ ፎቶግራፍ፣ ብርሃኑን ወደ 1/64 የሚያወርድ ባለ6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ሲገጠምለት አንድ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ፊልተር የሌለው ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ማልዶ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ጊዜውን ለማስረዘም ሲባል አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 22፣ ማለትም እጅግ እስኪጠብ፣ ማጥበብ ግን ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ይሁንና የጸሐፊው ቅሬታ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። በሐምሌና በነሐሴ ከተራራው አፈር ጠርጎ የሚወርደው ደራሽ ውሃ ድፍርስ በመሆኑ፣ ሁለት ሰከንድ ሲሰጡት የፈሰሰ ጭቃ ይመስላል፣ ጉልበቱም ይጠፋል፤ እኔም ብዙ ፎቶግራፍ ያበላሸሁት ይህን ሳላስተውል ነው። ለእንዲህ ያለው ውሃ ከ1/15 እስከ 1/8 ሰከንድ ይበቃዋል፤ እሽክርክሪቱና አረፋው ይታያል። መስከረም ሲጠባ ውሃው ሳያንስ ይጠራል፤ ረጅሙ ጊዜ የሚያምረው ያን ጊዜ ነው፤ ምንም እንኳ ዳር ላይ ያለችው አደይ አበባ በፏፏቴው ንፋስ እየተወዛወዘች ትዕግሥት ብታስጨርስም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ የፏፏቴ ፎቶግራፍ በምታወጡበት ጊዜ ከቦታው ስም ጎን የተነሳበትን ወርና ሹተሩ የቆየበትን ጊዜ እንድታትሙልን ነው። አንባቢው ሐምሌ መሆኑንና ሁለት ሰከንድ መቆየቱን ካወቀ፣ ወንዙ በዓይን ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር ራሱ ሊገምት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ