ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት

ሰላም አባላት፣

አዲስ ኮምፒውተር የገዛችሁ፣ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና) ለመጫን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሱትና ሳትጭኑ ሞክሩት። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነቃል? አዲስ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዋይፋዩ ነው። ያኔ አዲስ ከርነል (ዕቃዎቹን የሚያሠራው የሊኑክስ ዋና ክፍል) ያለው እትም አውርዳችሁ ሞክሩ።

ዊንዶውስን ጎን ለጎን የምታስቀምጡ ደግሞ የቢትሎከርን (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበትን) ባለ48 አሃዝ መክፈቻ ቁልፍ ቀድማችሁ ጻፉት። ወረቀት ላይ፤ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንዳይሆን! ሴኪውር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ስታጠፉ ቁልፉን ሊጠይቃችሁ ይችላል። ለነገሩ ኡቡንቱና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች እሱ እንደበራ ይጫናሉ፣ ባትነኩት ይሻላል።

መጫኛው ዲስኩን አላየሁም ካለ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩ አሠራር ሬይድ በሚባለው ላይ መሆን አለመሆኑን እዩ፤ መጫኛው ዲስኩን እንዳያይ ሊያደርገው ይችላል። ዊንዶውስ ካለበት ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፣ አልነሳም ሊል ይችላል። መጀመሪያ እዚህ ጠይቁን።