አምስት ደቂቃ ካለህ

ሰላም ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ፣ ጤና፣ ሥራ ሁሉ ደህና? ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። «ሰፋ ያለ ጊዜ ሳገኝ በደንብ እጽፍለታለሁ» እያልኩ ሳስተላልፍ ያ ሰፊ ጊዜ ሳይመጣ ቀረ። ይቅር በለኝ።

ጌም ስንጫወት ሌሊቱ የሚነጋብን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ልጅ ከወለድኩ ወዲህ እሱ ቀርቷል። ረጃጅሞቹን ጌሞች ሞክሬ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ታሪኩ ይጠፋብኛል፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራም እረሳለሁ። እሱን ሳስታውስ ያለችኝ ጊዜ ታልቃለች። ተውኩት፤ ግን በጣም ቅር ብሎኝ ነበር።

አሁን ጋላጋን ይዣለሁ። አዎ፣ የጃፓኑ ኩባንያ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን የተኩስ ጌም። ግራ፣ ቀኝ፣ ተኩስ፤ በቃ። ልጄ ስትተኛ፣ የጣድኩት ውሃ እስኪፈላ አንድ ዙር እጫወታለሁ። ከሞትኩ አለቀ፣ ነገ ከዜሮ ነው። ያቋረጥኩት ነገር የለም፣ የሚጠብቀኝም የለም።

እነዚህ የድሮ ጌሞች አጭር የሆኑት በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ስለነበሩ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሳንቲም ማሽኑን ሲይዘው ከዋለ ባለቤቱ ይከስራል። ስለዚህ ቶሎ የሚጀምር፣ ቶሎ የሚከር፣ ቶሎ የሚያልቅ ጌም ነበር የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ እየው። 55 ጠላቶች ተሰልፈው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። እየገደልካቸው ስትሄድ የቀሩት ይፈጥናሉ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ሲያንሱ የማሽኑ ሥራ ስለሚቀል ነው። የመጨረሻው አንዱ ሲቀር ልብህ ጉሮሮህ ውስጥ ነው።

ጋላጋ ላይ የምወደውን ግን ልንገርህ። የጠላቶቹ አለቃ ወርዶ መንኮራኩር የሚማርክ ጨረር ይዘረጋል። ትርፍ መንኮራኩር ካለኝ ሆን ብዬ እገባበታለሁ። መንኮራኩሬ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትሳባለች፣ ቀይ ትሆናለች። ከዚያ አለቃው እሷን አስከትሎ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። እሱን ብቻ ነው መምታት ያለብኝ፤ ስቼ እሷን ከመታኋት ሄደች። ካስጣልኳት ግን ከጎኔ ትቆምና አብረን እንተኩሳለን። ጥይቱ እጥፍ ነው፤ ለመመታትም በእጥፍ እሰፋለሁ። ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ! ከሥራ የመጣው ጭንቅላቴ ያን ጊዜ ሌላ ምንም አያስብም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ «አንድ ዙር ብቻ» እያለ ያታልላል። እኔ ሰዓት ሞልቼ ነው የምጀምረው።

አንተም ጊዜ እንደሌለህ አውቃለሁ። ረጅም መልስ አልጠብቅም። ተጫወትና ነጥብህን ብቻ ላክልኝ። የኔ የትናንቱ 38,420 ነው፤ ጨረሩ ውስጥ ገብቼ ነበር፣ መንኮራኩሬን ማስጣሉ ግን አልሆነልኝም።

የዘወትር ወዳጅህ